ቢሮውን ልግዛው ወይስ ኪራይ ላይ ልቆይ?

ጤና ይስጥልኝ፣

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። የራሴን ትንሽ ቢሮ ከፍቼ መሥራት ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆነኝ። አሁን ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ጊዜ ቢሮ ቀይሬያለሁ። አንዱንም ወድጄ አልለቀቅኩም።

ባለፈው ወር ከደንበኛ ጋር ቁጭ ብዬ እየሠራሁ አከራዬ በሩን ሳያንኳኩ ከፍተው ገቡ። ከኋላቸው አንድ ሰውዬ ነበር። «ክፍሉ ይህ ነው፣ መስኮቱ በዚህ በኩል ነው» እያሉ አስጎበኙት። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ደንበኛዬ ቀና ብሎ አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱ ኪራይ እንደጨመሩብኝ ነገሩኝ።

በዚያው ሳምንት የሚሸጥ ክፍል አገኘሁ። ከመኖሪያ ሕንፃ ሥር፣ ግራውንድ ላይ ያለ፣ 42 ካሬ ሜትር ነው። ቀድሞ ልብስ ስፌት ነበር። ገና ስገባ ጠረጴዛዬን የት እንደማደርገው ታየኝ።

ትክክለኛውን ገንዘብ መጻፍ ስላልፈለግኩ ዋጋውን 1,000 ልበለውና ሌላውን በዚያ ልክ ላስረዳ። በእጄ 450 አለኝ። ባንኩ 300 ቅድመ ክፍያ ከያዝኩ ቀሪውን 700 በ12 ከመቶ ወለድ፣ በ10 ዓመት የሚከፈል ሊያበድረኝ ተስማምቷል (የመኖሪያ ቤታችንን ተጨማሪ መያዣ አድርጎ)። ኪራዬ ጭማሪው ገብቶበት በወር 6 ነው። የቢሮው የወር ወጪ ኪራዩም ደመወዙም ተደምሮ 25 ይሆናል።

ሻጩ ሌላ ገዢ ስላለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀብድ ካልሰጠሁ እንደሚሸጥለት ነግሮኛል። ባለቤቴ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። «ያለንን ሁሉ ግድግዳ ላይ አትለጥፊው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ለሰው ግድግዳ ስከፍል 8 ዓመት ሞላኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አድራሻው በእስክሪብቶ የተሰረዘ አንድ እሽግ የቢዝነስ ካርድ አለ። ባየሁት ቁጥር ያበሽቀኛል። ከባለቤቴ ጋር ተኮራርፈን ሰንብተናል። ምን ላድርግ?

አድራሻ መሰረዝ የሰለቻት

---

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያ ሳይንኳኳ የተከፈተ በር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ያውም በደንበኛው ፊት፣ ክፍሉን ለሌላ ማስጎብኘት ነውር ነው። መናደድሽ ልክ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ሒሳብ ስታስተካክዪ ኖረሽ በራስሽ ቢሮ እንደ እንግዳ መታየት ያማል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አከራይሽ ያን ቀን በሩን አንኳኩተው ቢሆን፣ ጭማሪውንም በወግ ነግረውሽ ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት የሚሸጥ ክፍል ትፈልጊ ነበር? መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስሽ ንገሪው። «አዎ፣ ከድሮም ሳስበው የኖርኩት ነው» ካልሽ አንድ ነገር ነው። «ኧረ እንጃ» ካልሽ ግን አሁን የምትፈልጊው ምናልባት ማንም የማይነካው በር ይሆናል። እሱን ደግሞ በመግዛትም በሌላ መንገድም ማግኘት ይቻላል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ሂሳብ ያንቺ ሙያ ነው፤ እኔ ለራስሽ ስትሆኚ የዘለልሽውን ብቻ ላንሳ። የራስን ሂሳብ መሥራት ለሰው እንደመሥራት አይቀልም።

700 ብድር በ12 ከመቶ፣ በ10 ዓመት፣ በወር 10 ገደማ ይመጣል። በዚህ ላይ የሕንፃው የጋራ ወጪ አለ፤ ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ ጣሪያው። 1 እንበለው። ጥገናም አለ፤ በዓመት ከዋጋው 1 ከመቶ ያህል መያዝ የተለመደ ስለሆነ በወር ሌላ 1 ገደማ ነው። አሁን 6 የምትከፍዪበት ቦታ 12 ሆነ ማለት ነው። የወር ወጪሽም ከ25 ወደ 31 ያድጋል።

ቀጥሎ በእጅሽ ያለው 450። 300ው ለቅድመ ክፍያ ሄደ። ለስም ማዛወሪያ፣ ለግምት፣ ለጠበቃ 60 እንያዝ። ክፍያው እንደየአገሩ ስለሚለያይ እሱን አንቺ አስተካክዪው። ልብስ ስፌት የነበረ ክፍል ቢሮ እስኪሆን ደግሞ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ኢንተርኔት፣ መደርደሪያ ይፈልጋል። 50 ብንል የተጋነነ አይደለም። የቀረሽ 40 ነው።

40 ማለት የአንድ ወር ወጪ ከትንሽ ጉርሻ ጋር ነው። አንድ ትልቅ ደንበኛ ክፍያውን ሁለት ወር ቢያዘገይ የሠራተኞችሽን ደመወዝ ከየት ታመጪያለሽ? ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ክፍል መግዛት ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ግድግዳ ውስጥ የገባ ገንዘብ ደመወዝ ቀን ሲደርስ ተቆርሶ አይወጣም።

ለመግዛቱ የሚከራከር ቁጥርም አለ፣ እሱንም መደበቅ አልፈልግም። ኪራይሽ በየዓመቱ 10 ከመቶ ቢጨምር በ7ኛው ዓመት የባንኩን ክፍያ ያልፋል። ወለዱ የማይለወጥ ከሆነ የባንኩ ክፍያ እዚያው 10 ላይ ይቆያል፣ ገቢሽ ሲያድግ እየቀለለሽ ይሄዳል፣ በ10ኛው ዓመት መጨረሻ ክፍሉ ያንቺ ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ከ7 ዓመት በላይ እቆያለሁ የሚል ሰው መግዛትን ቢያስብ ተሳስቷል አልልም። ነገሩ የሚከፋው በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ መልቀቅ ግድ ሲሆን ነው። በመጀመሪያው ወር ከምትከፍዪው 10 ውስጥ 7ቱ ወለድ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከፍለሽም ዕዳሽ ገና 450 አካባቢ ነው። ባንኩን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ወለዱ ለ10 ዓመት የተቆረጠ ነው ወይስ ሊጨምር ይችላል? ወደ 15 ከመቶ ቢወጣ ክፍያሽ ከ10 ወደ 11.3 ይሄዳል።

አሁን ወደ ቅንፉ ልምጣ።

«የመኖሪያ ቤታችንን ተጨማሪ መያዣ አድርጎ» ብለሽ በቅንፍ አልፈሽዋል። ከደብዳቤሽ ሁሉ ከባዱ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ባለቤትሽ «ያለንን ሁሉ» ሲል ስለ 450ው ብቻ የሚያወራ አይመስለኝም። ሥራው ቢደክም የምትኖሩበት ቤት አብሮ ይሄዳል ብሎ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ ፊት ለፊት መናገር ይከብዳል፤ ሚስቱ በሥራዋ ላይ ያላትን እምነት የተጠራጠረ ይመስላልና። ግድግዳ፣ ምናምን እያለ ዙሪያውን ይዞራል። አንቺ ደግሞ የምትሰሚው «አትችዪም» የሚል ቃል ነው። ተሳስቼ ልሆን እችላለሁ። አንድ ማታ ቁጥሩን ወደ ጎን ትተሽ «ለመሆኑ የሚያስፈራህ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ሳትመልሺለት አዳምጪው። ቤቱ ነው ካለ ሁለታችሁም አንድ ነገር ፈርታችሁ ነው የተኮራረፋችሁት።

በዚህ ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቤታችሁን አታስይዙ። ባንኩ ክፍሉን ራሱን ይዞ የማያበድር ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ምናልባት ገማቹ ክፍሉን 1,000 አያወጣም ብሎ ይሆናል፤ ያ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው። ምናልባትም ቅድመ ክፍያው ከፍ ቢል ቤቱን ይተውልሻል። ሌላ ባንክም ሞክሪ። ክፍሉ በማን ስም እንደሚገዛ፣ በራስሽ ወይስ በድርጅቱ፣ ከመፈረም በፊት ጠበቃ አማክሪ። ዕዳውም ግብሩም በዚያ ይወሰናል።

አሁን ስለ ክፍሉ። እኔም ከዓመታት በፊት ለቢሮ ብዬ አንድ ክፍል ገዝቼ ነበር። ውሉ 38 ካሬ ይላል። ቁልፉን ተረክቤ በሜትር ስለካው 29 ሆነ። ዘጠኙ ካሬ የግድግዳው ውፍረትና ከጋራ መተላለፊያው የደረሰኝ ድርሻ ነበር። ማንም አልዋሸኝም። ጠቅላላ ስፋትና የተጣራ ስፋት እንደሚለያዩ ሳላውቅ ነው የፈረምኩት። አራተኛዋን ጠረጴዛ ለማስገባት በሩን ነቅዬ ወደ ውጭ እንዲከፈት አስገለበጥኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በር ላይ በቆመ ቁጥር የሚወጣው ሰው በሩን በላዩ ላይ ይከፍትበት ነበር። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠራን።

ስለዚህ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። አሮጌ ጋዜጣ በጠረጴዛ ልክ፣ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ቁረጪና ወለሉ ላይ ዘርጊው። ከእያንዳንዱ ኋላ ወንበር የሚሳብበት ቦታ ተዪ። ለማለፊያ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዪ። ከዚያ የደንበኞችሽን ፋይል አስቢ። የሂሳብ ሰነድ ለዓመታት ስለሚቀመጥ በየዓመቱ መደርደሪያ ይጨምራል። አንድ ደንበኛ ስለ ዕዳው በዝግታ ሊያወራሽ ሲፈልግ የት ይቀመጣል? ግራውንድ ላይ ስለሆነ መስኮቱ ወደ መንገድ ነው? አላፊ አግዳሚው ስክሪንሽን ያያል?

ሰኞ ጠዋት ሂጂ። ማታ ላይ ደግመሽ ሂጂ። ዝናብ ሲዘንብ ሂጂ፣ ግራውንድ ላይ ያለ ክፍል ጠባዩን የሚያሳየው ያን ጊዜ ነው። የግድግዳውን ሥር በእጅሽ ዳስሺው። አዲስ ቀለም ከታች ብቻ የተቀባ ከሆነ እርጥበት ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ለምን እንደተቀባ ጠይቂ። ሽንት ቤቱ የግል ነው ወይስ የጋራ? ደንበኛሽ ቢጠይቅሽ የት ትልኪዋለሽ?

ልብስ ሰፊውን ፈልጊው ደግሞ። እባክሽ ይህን አትዝለዪ። ለምን ወጣ? ሥራ ቀዝቅዞበት ነው? ከላይ ያሉት ነዋሪዎች በማሽኑ ድምፅ ተጣልተውት ነው? ውሃ ገብቶበት ነው? ሻጩ የማይነግርሽን እሱ በአምስት ደቂቃ ያወራሻል።

የወረቀቱን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው፣ ጠበቃሽ ያውቀዋልና። ክፍሉ የተመዘገበው ለንግድ ነው ወይስ ለመኖሪያ? ልብስ ስፌት ነበረበት ማለት ቢሮ ይፈቀድበታል ማለት አይደለም። የሕንፃው ነዋሪዎች መተዳደሪያ ደንብ ካላቸው አንብቢው፤ የውጭ ሰው መመላለሱን፣ ታፔላ መስቀሉን ሊከለክል ይችላል። የባለቤትነት ማስረጃው ላይ ያለው ስም የሻጩ ራሱ ነው? ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትስማማለች? መያዣ፣ እገዳ፣ ያልተከፈለ ግብር ወይም የጋራ ወጪ አለበት? እነዚህን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከመዝገቡ አረጋግጪ።

ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት መጨረስ ይቻላል? ይከብዳል። «ሌላ ገዢ አለኝ» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ክፍል የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚለውም ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ማወቅ አትችዪም፣ ስለዚህ አትጨነቂበት። የሚያሳስበኝ ቀብዱ ነው። በብዙ ቦታ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ገንዘቡን ያጣል። ባንኩ በመጨረሻ እንቢ ቢልሽስ? ማስረጃው ላይ እገዳ ቢገኝስ? ቀብድ መስጠትሽ የግድ ከሆነ «ብድሩ ካልተፈቀደ፣ ወይም ክፍሉ ዕዳና እገዳ ካለበት፣ ወይም ለቢሮ መጠቀም ካልተፈቀደ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ይግባ። ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ አንድ ነገር ነግሮሻል።

እኔ አንቺን ብሆን በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ቀብድ አልሰጥም ነበር። ልብሽ እንደሚያዝን አውቃለሁ። ጠረጴዛሽን የት እንደምታደርጊው ያየሽበት ክፍል ነው። ግን አሁን ባለው ቁጥር ክፍሉ አንቺን ባዶ እጅሽን ያስቀርሻል፣ ባለቤትሽን ደግሞ በገዛ ቤቱ እንቅልፍ ይነሳዋል።

በዚህ መሀል ሁለት መንገድ ሞክሪ እልሻለሁ። አንደኛው ሻጩን «ለአንድ ዓመት አከራየኝ፣ በዓመቱ ውስጥ ዛሬ በተስማማነው ዋጋ የመግዛት መብት ይኑረኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። በጽሑፍ ይሁን፣ ጠበቃ ይየው። ገንዘብ የቸኮለ ሻጭ እንቢ ይላል፤ ክፍሉ ሰነባብቶ ያልተሸጠለት ግን ሊያስብበት ይችላል። ከተስማማ ዝናቡንም ጎረቤቱንም ዓመት ሙሉ ታይዋለሽ።

ሁለተኛው አሁን ያለሽበት ቦታ ነው። አከራይሽን አልወደድኳቸውም፣ ግን ለስንት ዓመት ውል እንዳላችሁ አልጻፍሽልኝም። የ3 ወይም የ5 ዓመት ውል ጠይቂያቸው። ጭማሪው በዓመት ከስንት ከመቶ እንደማይበልጥ ይጻፍ። መልቀቅ ቢያስፈልግ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ይኑር። ሳያንኳኩና አስቀድመው ሳይነግሩ እንዳይገቡም ይጻፍ። ይህን መጻፍ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሳይቋረጥ የሚከፍል ተከራይ በቀላሉ አይገኝም፣ እሳቸውም ያውቁታል። እንቢ ካሉ በዚህ ውል የሚያከራይሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ። አራተኛ ጊዜ መዛወር እንደሚያንገሸግሽሽ ይገባኛል። በ5 ዓመት ውል መዛወር ግን እስካሁን ከተዛወርሽበት የተለየ ነው።

የትኛውንም ብትመርጪ ከዚህ ወር ጀምረሽ እንደገዛሽ አድርገሽ ኑሪ። አሁን 6 ትከፍያለሽ። ገዝተሽ ቢሆን 12 ትከፍዪ ነበር። ልዩነቱን 6 በየወሩ፣ ደመወዝ በምትከፍዪበት ቀን፣ ለብቻው ሒሳብ ውስጥ አስገቢው። አትንኪው። ለ6 ወር ደመወዝ ሳታዘገዪና ከቤት ወጪ ሳትቆርጪ ከቻልሽ ክፍያውን እንደምትችዪው በወረቀት አለሽ፤ ለባንክም ለባለቤትሽም የምታሳዪው ነገር ነው። በሁለተኛው ወር ከተንገዳገድሽ ደግሞ ያለ ዕዳ አወቅሽው።

ቢያንስ የ4 ወር ወጪ ተቀማጭ ሳይኖርሽ እንዳትገዢ። በ31 ሂሳብ 124 ነው። 40ው ካለሽ የጎደለው 84 ነው። በወር 6 ከተጠራቀመ 14 ወር። ያን ጊዜ ይህ ክፍል ላይኖር ይችላል፣ ዋጋም ሊጨምር ይችላል፣ ያ እውነተኛ ኪሳራ ነው። ከሌላው ኪሳራ ጋር ሳመዛዝነው ግን ይህኛው ይቀለኛል።

ለሻጩ ነገ ደውዪለት። «ክፍሉን ወድጄዋለሁ፣ ማስረጃውን ሳላጣራና ከባንክ ሳልጨርስ ቀብድ አልሰጥም፣ እስከዚያ ካልተሸጠ አነጋግረኝ» በዪው። ከዚያ በላይ አትዘርዝሪለት። ከባለቤትሽ ጋር የምታወሩት ደግሞ ከዚህ ስልክ በፊት ይሁን።

ካርዱን ግን ዛሬውኑ ጣዪው። አዲስ አሳትሚ፣ ስምሽን፣ ሙያሽን፣ ስልክሽንና ኢሜይልሽን ብቻ ያለበት። አድራሻ አይኑርበት። ደንበኛ ሲመጣ ቦታውን በስልክ ትልኪለታለሽ። 100 ፍሬ ይበቃሻል። በ6ኛው ወር ያቺ ለብቻ ያስቀመጥሻት ገንዘብ ስንት እንደደረሰች ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።